ለቃጠሎ ካርታ የትኛው ሳተላይት፣ የትኛው ሶፍትዌር?

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ጓሳ ሣሩም አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም ነደደ። ጉዳታቸው ግን እኩል አይደለም። ጓሳ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አስታ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የተቃጠለውን ቦታ መክበብ አይበቃም፤ ምን ያህል እንደተጎዳም መለየት አለበት።

ከምስሉ እንጀምር፤ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነውና። የጉዳት ደረጃ የሚሰላው በዓይን ከማይታዩ ሁለት ባንዶች፣ ማለትም ሳተላይቱ ለየብቻ ከሚለካቸው የብርሃን ዓይነቶች ነው። ጤነኛ ቅጠል ቅርብ ታህተ ቀይ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፤ የተቃጠለ መሬት ደግሞ አጭር ሞገድ ታህተ ቀይን። ከቃጠሎው በፊትና በኋላ የሁለቱ ዝምድና ምን ያህል እንደተቀየረ ይለካል። በክፍያ የሚገኙት የፕላኔት ኩባንያ ሱፐርዶቭ ሳተላይቶች ምስሎች 3 ሜትር ድረስ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ባንድ፣ አጭር ሞገዱ፣ ግን የላቸውም! የቃጠሎውን ጠርዝ ለመሳል ግሩም ናቸው፤ ለጉዳት ደረጃ ግን አትግዟቸው።

ሴንቲኔል 2 እና ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ሁለቱንም ባንድ ይሰጣሉ፣ ያውም በነጻ። ሴንቲኔል ለዚህ ሥራ ጥራቱ 20 ሜትር ነው፣ ወደ አንድ ቦታ በ5 ቀን ይመለሳል። ላንድሳት 8 እና 9 ባለ 30 ሜትር ናቸው፤ ተፈራርቀው በ8 ቀን ይመጣሉ። ለቅርብ ጊዜ ቃጠሎ ሴንቲኔልን እመርጣለሁ። ለ1992ቱ የባሌ ቃጠሎ ግን ያኔ ሴንቲኔል ስላልነበረ ምርጫው ላንድሳት ነው።

ወደ ሶፍትዌር ስንመጣ፣ ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ጎግል ኧርዝ ኢንጅን ይሻላል። ስሌቱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያልቃል፤ የምታወርዱት ውጤቱን ብቻ ነው። ለምርምር ነጻ ነው፣ ለንግድ ያስከፍላል፣ ኮድ መጻፍም ይጠይቃል። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂስ (QGIS) ለማንም ነጻ ነው፤ ኮድም አይፈልግም። ምስሎቹን ግን ራሳችሁ ታወርዳላችሁ፤ አንዱ የሴንቲኔል ፋይል ብቻ 1 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል። ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በክፍያ የሚገኘውን የካርታ ሶፍትዌር አርክጂአይኤስ ፕሮ (ArcGIS Pro) መሥሪያ ቤታችሁ ላይሰንሱ ካለው ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ብላችሁ ግን አትግዙ።

የቱንም ብትመርጡ፣ ከሁለቱ ባንዶች የሚሰላው የበፊትና የኋላ ልዩነት (dNBR) ከ0.66 ሲበልጥ «ከባድ» የሚለው የተለመደ መለኪያ የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ደኖች ነው። በበጋ የደረቀ ጓሳ ሙሉ በሙሉ ቢነድ እንኳ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን መሬት ላይ ካለው ጋር ለማመሳከር ከሶፍትዌር የተረፈውን ብር ለጂፒኤስና ለመስክ ጉዞ አውሉት። ጉዞውም ምስሉም ዝናቡ ሳይገባ ይሁን፤ ሣሩ አንዴ ካቆጠቆጠ ሳተላይቱም ጠባሳውን ማየት ይቸግረዋል።