ለአያ ጡሩምባ፣ ለሰፈራችን ለፋፊ

እንዴት ሰነበታችሁ የደብረ ማርቆስ ሰዎች። እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ የእናቴ አርባ ሳይወጣ ነው። ዛሬ ነገ ስል ሙት ዓመቷም አለፈ። ባለፈው እሁድ ግን የእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሣና «አሁን ሁሉም ስልክ አለው፤ ለፋፊ ምን ያደርግልናል? በቴሌግራም እንላላክ፣ ገንዘቡም ለድንኳን ይዋል» አለ። ደሜ ፈላ። ልመልስለት ተነሥቼ ድምፄ ተያዘብኝና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ያኔ ያልወጣኝን ነው አሁን የምጽፈው።

ሰው ጎበዝ ግንበኛ ወይ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ ሲያገኝ ለሌላው ይጠቁማል። እኔ የምጠቁማችሁ የእድር ለፋፊ ነው። አትሳቁ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። የሰፈሩ ልጆች «አያ ጡሩምባ» ይሏቸዋል፤ እኛ ትልልቆቹም እሳቸው በሌሉበት እንደዚያው እንላለን።

ጡሩምባዋ የቆርቆሮ ናት። ክንድ ከስንዝር ብትሆን ነው። አፏ አካባቢ ተቀጥቅጦ የተቃና ቦታ አለ፤ አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራቷቸው ሲወድቁ ታጠፈችና እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠው በድንጋይ አቀኗት። መንፊያዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞባታል። «የማርቆስ ብርድ ብረቱን ከከንፈር ጋር ያጣብቀዋል» ይላሉ። ትንሽ ሳያጋንኑ አይቀሩም። ግን ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የቀመሰ ሰው ይፍረድ። እኛ ቡሉኮ ተከናንበን ስንገላበጥ እሳቸው በኮንጎ ጫማ ኮረኮንቹን ይወርዱታል።

ሦስት ጊዜ ከነፉ ሞት ነው። አንድ ጊዜ ነፍተው ዝም ካሉ ስብሰባ ወይ ሌላ ማሳሰቢያ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ይከተላል። «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» የድሮ የአዋጅ ቃል ነው። ይቺ ከተማ ገና መንቆረር ስትባል፣ ነጋሪት እየተጎሰመ የሚነገረውን ሰው የሚሰማው እንዲህ ነበር። እኛ ዛሬ በዚያው ቃል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ የድስት ነገር ነው።

እውነቴን ነው። አንድ ጊዜ የእድሩ ሰታቴ ድስት ወጥቶ ቀረ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በየቤቱ ቢጠይቅ «እኛ ጋ የለም»፣ «እኛ ጋ የለም» ብቻ ሆነ። አያ ማለዳ ወጡና «ሰታቴያችን ከቤቷ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት! የወሰዳት ሰው ራሱን ያውቃል፣ እኛም እናውቀዋለን፣ ስሙን ግን አንጠራም! እስከ ነገ ማታ ትግባ!» አሉ። በዚያው ሌሊት ድስቷ ታጥባ፣ ክዳኗ ላይ ተደርጎ፣ በዕቃ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ ተገኘች። ማን እንደወሰዳት እስካሁን አይታወቅም። አያ ራሳቸውም አያውቁም ነበር፤ በኋላ ጠይቄያቸው ሳቁ።

ወደ እናቴ ልመለስ።

እናቴ ያረፈችው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ሄዶ የእድሩን ዳኛ ቀሰቀሰ፣ ዳኛው ለአያ ላኩባቸው። 10 ሰዓት ሳይሞላ ባትሪ ይዘው መጡ። ጡሩምባዋ ጋቢያቸው ውስጥ ነበረች። ገብተው አማተቡ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ ትንሽ ዝም አሉ። ቀብሩ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው ብለው የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። የጠየቁኝ ግን «እታለምሽ ሰምታለች ወይ?» ብለው ነው።

ታናሽ እህቴ እታለምሽ ያገባችው እዚሁ ሰፈር ነው፣ ከኛ ቤት አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ያኔ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሞታችን ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ ማናችንም ስለሷ አላሰብንም። ወንድሜ ስልኩን አወጣ። አያ እጁን ያዙት። «በስልክ መርዶ አይነገርም፣ በዚህ ሁኔታዋማ ጭራሽ። ጡሩምባዋ ትቆያለች፣ ቀብር አያመልጠንም» አሉ።

ተነሥተው ወጡ። የነፍስ አባቷን ከቤታቸው አስነሡ። ሁለት ትልልቅ ሴት ጎረቤቶችንና አክስቴን ጠሩ። ባሏንም ቀድመው በር ላይ ጠርተው ነገሩትና አዘጋጁት። ሰዎቹ ሲገቡ እሳቸው አልገቡም፤ ጡሩምባ ነፊ ደጃፍ ላይ ከታየ ያው ተረዳች ማለት ነው። ከቤቷ ዝቅ ብሎ ካለው ማዕዘን ላይ፣ በአጥሩ ተከልለው ቆሙ። እህቴ ተቀምጣ፣ አክስቴ ከኋላዋ አቅፋት፣ ቄሱ በቀስታ አስረዷት። ከቤቱ አንድ ልጅ ወጥቶ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ያኔ ነው የነፉት።

እኔ ቤት ሆኜ ስሰማው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እስከዚያ ድረስ ለምን እንደቆዩ አልገባኝም ነበር፣ እንደውም ሰው ሳይሰማ ሊረፍድ ነው ብዬ በልቤ ተቆጥቻለሁ። ከወራት በኋላ ነው እህቴ የነገረችኝ። «ጡሩምባውን የሰማሁት ካወቅሁ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰማው ኖሮ የማን ቤት ነው ብዬ ልሮጥ እወጣ ነበር» አለችኝ። ልጁ በሰላም ተወልዷል፣ አሁን እየዳኸ የቤቱን ዕቃ ይበትናል።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ የአባቱን ሞት የሰማው ባሕር ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ነው። አንድ ሰው የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበታል። ሰውዬው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ቀድሞ ማሳወቁ ነበር። ልጁ ከባጃጁ ወርዶ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። በቴሌግራም እንላላክ ያልከው ወንድሜ፣ ይህን ነው ልልህ የፈለግሁት። ማሳወቅማ ስልክም ያሳውቃል። ማን ቀድሞ መስማት እንዳለበት ግን ስልኩ አያውቅም።

ያን ዕለት ስለ እናቴ የለፈፉትንም አልረሳውም። በሰፈራችን በእናቴ ስም የሚጠሩ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንደኛዋ በሕይወት ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሰው እንዳይሳሳት «ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያሉት፣ ነጭ ጥላ የማይለያቸው፣ በክረምት ለተማሪ ሁሉ ቆሎ የሚሰጡት» ብለው ተናገሩ። ይህን በሉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። የቆሎውን ነገር እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት እንዴት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ድርቅ አለ። የመጨረሻው መልእክት «ነገ ውሃ ትመጣለች» የሚል ነበር፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስም እዚያው ቆሞ ነው ያገኘሁት። ሰዓት እላፊ ስለነበር አያ በሌሊት መውጣት አይችሉም፤ ንጋት 12 ሰዓት እስኪሞላ ቤታቸው ተቀምጠው ይጠብቁና ይወጣሉ። ሰው በድምፅ የሚደነግጥበት ጊዜ ነበርና ከመንፋታቸው በፊት በአፋቸው «የእድር ነው! የእድር ነው!» እያሉ ያልፋሉ፣ ከዚያ ዝግ አድርገው ይነፋሉ። ያን ጊዜ አንድም ቀብር ሰው ሳይሰማ አልቀረም።

የጤና መድኑንም እሳቸው ናቸው ያስያዙኝ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው የተስፋፋው፤ ዛሬ ደብተሩ የሌለው ቤት ካለ እንደኔ ዝንጉ የሆነ ሰው ቤት ነው። አንድ ዓመት ሳላሳድስ ቀረሁ። ልጄ ታመመች፣ የመድኃኒቱንም የምርመራውንም ከኪሴ አወጣሁ፣ ተበድሬ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ አያ ለሁሉም ለፈፉና የኔ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ደብተር ያላሳደሰ ያሳድስ! በተለይ ባለፈው ዓመት የቀረ!» ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አፈርኩ፣ በማግሥቱ ሄጄ አሳደስኩ።

ሁሉን ነገራቸውን አሞግሼ አልጨርስም፣ እንከንም አላቸው። ነገር ያስረዝማሉ። «ነገ ጠዋት የፍሳሽ ቦይ እንጠርጋለን፣ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ውጡ» ብሎ ማለፍ ሲበቃ፣ ቦዩን ማን እንደደፈነው፣ የዛሬ ልጅ ፌስታል የትም እንደሚጥል፣ በሳቸው ጊዜ ውሃው እንዴት ኩልል ብሎ ይወርድ እንደነበር ሁሉ ያወራሉ። ሜጋፎን ተገዝቶላቸው ሁለት ቀን ይዘውት ዞሩና «ይሄ ነገር የኔን ድምፅ የሌላ ሰው ያደርገዋል» ብለው ዕቃ ቤት አስቀመጡት። እሁድ ጠዋት ደግሞ መተኛት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ጎረቤት አይደሉም።

የምንከፍላቸው ደግሞ ያሳፍራል፤ መጠኑን እዚህ አልጽፈውም። የዝናብ ልብስ እንኳ የላቸውም። ክረምቱን ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበው ነው የሚያልፉት፤ ላስቲኩንም ያገኙት ከአሮጌው ድንኳናችን ላይ ቀደው ነው። የእድሩን ብር ለድንኳን እናውለው ያልከው ሰው፣ ድንኳኑን የሚተክሉልህም እኮ እሳቸው ናቸው።

ለዚያም ነው ጥቆማውን የምጽፈው። አያ ከእድሩ ሥራ ውጪ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ድንኳን ይተክላሉ። ሁለት ጎረምሶች ይዘው ይመጣሉ። በክረምት ዙሪያውን ቦይ ሳይቆፍሩ አይተክሉም፤ ከላይ በኩል ያለውን ጠለቅ ያደርጉታል፣ ጎርፉ እንግዳው እግር ሥር እንዳይገባ። ገመዱን የሚያስሩበት ቋጠሮ ነፋስ ሲመጣ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፣ ለመፍታት ግን በአንድ እጅ መሳብ ይበቃል። ባለፈው ግንቦት የጎረቤቴ ሰርግ ላይ በረዶ ወርዶ ሌላው ድንኳን ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ሲንጠባጠብ፣ የሳቸው ሥር የተቀመጠው ሰው ጠላውን ይጠጣ ነበር። ላም ወይ በግ የጠፋበትም ይንገራቸው፤ ለዚያ አያስከፍሉም፣ ከተገኘች ግን ቡና አፍልቶ መጥራት ነው።

የሌላ ሰፈር እድሮችም ካላችሁ፣ አዲስ ለፋፊ ስትይዙ ልጁን ለሳምንት እሳቸው ዘንድ ላኩት። መንፋቱን በአንድ ቀን ይለምደዋል። የቀረውን ሳምንት አብሯቸው ቤት ለቤት ይዙር፣ ማን ልብ ሕመምተኛ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ሩቅ አገር እንዳለ፣ የማን ቤት በር ላይ ዝግ ብሎ ማለፍ እንደሚገባ ያሳዩታል።

ለሰፈራችን ሰዎች ደግሞ፤ የለፋፊው ጉዳይ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተቀጥሯል። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በዕቃ ቤቱ ግቢ። የቀረ እንደተለመደው ይቀጣል። ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ገንዘብ ያዡ ሦስት ቤት ይቀራል ብለዋል። እኔ ክፍያቸው እንዲጨመርና ከክረምቱ በፊት የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ እንዲገዛላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ጊዜ ድምፄ ቢያዝብኝ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ይጨርስልኝ።

አያን ለሥራ የምትፈልጉ እሁድ ዕቃ ቤቱ በር ላይ አታጧቸውም። ስልክ አላቸው፣ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አትደውሉ፤ ሌሊት ሊነሡ ስለሚችሉ በጊዜ ነው የሚተኙት።