የሙድል ፕለጊን ሥራ፣ ጅማ ላይ ሆኖ ሲታይ

ሙድል (ትምህርት በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሶፍትዌር) ለፕለጊን፣ ማለትም ለተጨማሪ ክፍል፣ ሠሪ የተመቸ ነው፤ ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ክፍት ስለሆነ ግራ ሲገባ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ጅማ ላይ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው እንዳይቆም ሰርቨሩን ላፕቶፕ ላይ መጫን ይሻላል። ኮዱ በጊት (የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ) ሲወርድ ጥልቀቱ 1 ይሁን፣ ማለትም የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ይውረድ፤ ሙሉ ታሪኩ ፓኬጅ ይጨርሳል።

ከፕለጊን ዓይነቶች ለጀማሪ ብሎክ (ገጹ ጎን ላይ የሚታይ ትንሽ ሳጥን) ይቀላል። አራት ፋይል ይበቃዋል፦ የቨርዥን፣ የክላስ፣ የፈቃድ (ማን ብሎኩን መጨመር እንደሚችል የሚወስን) እና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፋይል። የሚታየው አማርኛ ብቻ ቢሆንም እንግሊዝኛው ግዴታ ነው፤ ቃል ሲጎድልበት በጽሑፉ ፋንታ በድርብ ቅንፍ የታጠረ ኮድ ይወጣል። ከሙድል 5.1 ወዲህ ብሎኮች የሚቀመጡት ፐብሊክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ የድሮ መመሪያ የያዘ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ዋናው ራስ ምታት ዳታቤዙ ነው። አዲስ የሠንጠረዥ ዓምድ በኢንስቶል ፋይሉ ላይ ብቻ ከተጨመረ የሚያገኘው አዲስ ጫኚ ነው፤ ቀድሞ የጫነው ስህተት ያያል። የአፕግሬድ ፋይሉም መጻፍ አለበት፣ ባለ10 አሃዙ የቨርዥን ቁጥርም ከፍ ማለት አለበት፤ ለምሳሌ ከ2025031500 ወደ 2025031501። ቁጥሩ ካልተነካ ሙድል ለውጥ መኖሩን አያውቅም። ጽሑፍ ተቀይሮ ካልታየ ግን ኮዱን ከመፈተሽ በፊት ካሹን (ሙድል ለፍጥነት ያስቀመጠውን የቆየ ቅጂ) ማጽዳት ነው።

የሙድል ሰነድ ሰፊ ቢሆንም የተበታተነ ነው፤ ከሙድል ጋር አብሮ የሚመጣ የአንድ ብሎክ ኮድ ማንበብ ይበልጣል።