ለመንታዎቼ ሲስተር ምስጋና፤ ልጅ ያለጊዜው የተወለደባችሁም አንብቡት

ደብረ ብርሃን በጨቅላ ህፃናት ፅኑ ህክምና ክፍል የምትሰራ አንዲት ሲስተር አለች። ስሜን እንዳትፅፊ ብላ አስምላኛለች ስለዚህ አልፅፍም፣ ግን የማልኩት በአደባባይ ላለመፃፍ ነው እንጂ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ላለመናገር አይደለም። እዛ ክፍል ልጅ ይዛችሁ የከረማችሁ ግን ስምም አያስፈልጋችሁም፣ አጭሯ፣ የመንዝ ልጅ፣ የገባችውን ሴት ሁሉ "እናቴ" እያለች የምትጠራው፣ እጁን ሳይታጠብ የገባ ሰው ካየች ደግሞ አባቷም ቢሆን የማትምረው። በቃ እሷ ናት።

መንታዎቼን ያገኘኋቸው በጉዲፈቻ ነው። በሰባት ወር ገደማ፣ 30 ሳምንት ላይ ነው የተወለዱት፣ ትልቁ 1350 ግራም ትንሿ 1180 ግራም። የወለደቻቸው እናት አርፋለች፣ ነፍሷን ይማርልን፣ የሷን ታሪክ ግን እዚህ አልዘረግፈውም፣ የልጆቹ ነው፣ ሲያድጉ ከኔ አፍ ይሰሙታል እንጂ ከሰው ስልክ ላይ አያነቡትም። ለናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። የተወለዱት ቆላው ላይ ነው፣ አምቡላንሱ ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ደግሞ ወሩ ህዳር ነበር። የኛን የህዳር ውርጭ ለምታውቁት አልነግራችሁም። በጋቢ ላይ ጋቢ ተጠቅልለው ነው የመጡት፣ ቴርሞሜትሩ ግን ከ35 በታች ነው ያነበበው፣ ጤነኛ ህፃን ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

ሲስተር በኋላ ስታስረዳኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ጋቢ ሙቀት አይሰራም እናቴ፣ ያለውን ነው የሚይዘው፣ የቀዘቀዘ ልጅ በጋቢ ብትጠቀልይ ቅዝቃዜውን ነው የጠቀለልሽው።" እነዚህ ልጆች ከቆዳቸው ስር ስብ የላቸውም፣ የሚበቃቸውን ሙቀት ራሳቸው ማምረት አይችሉም፣ ስለዚህ ከገጠር ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተብላችሁ የምትመጡ፣ ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ ባዶ ደረታችሁ ላይ ለጥፉት፣ ጋቢው ከላይ ይምጣ። እናት ካልቻለች አባት፣ አያት፣ አክስት፣ ማንም ጤነኛ ሰው ይችላል። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከዚህ ፅሁፍ ብትወጡ ይበቃኛል።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጅ አልሰጠንም ነበር። የልጆቹ አያት እማማ ለባለቤቴ የስጋ ዘመድ ናቸው፣ ከሰባ አልፈዋል፣ ከአምቡላንሱ ወርደው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ቀሩ። የሄድነው ልናፅናናቸው ነው። እሳቸው ግን ገና ሳንቀመጥ "እኔ አሮጊት ነኝ፣ እነዚህን እንኳን ላሳድግ ለማቀፍም እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ ውሰዷቸውና ሞተውም ቢሆን እናት ይኑራቸው" አሉን። ባለቤቴ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ብዙ ንግግር አላደረግንም።

ከዛ ልጆቹን ላይ ብዬ ወደ ክፍሉ ስሄድ ጥበቃው "እናት ነሽ?" አለኝ። ደንቡ ልክ ነው፣ እናት ብቻ ነው የሚገባው፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ እየገባ እንዴት ይሆናል። እኔ ግን ምን ልበል፣ አዎ ብል ውሸት ነው አይደለሁም ብል እመለሳለሁ፣ አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። እማማን ኮሪደር ላይ ስታናግር የነበረችው ሲስተር ሰምታን ኖሯል፣ "የመንታዎቹ እናት ናት፣ ቀለበትሽን አውልቂና እስከ ክርንሽ ታጠቢ" አለችኝ። ወረቀት የለ፣ ፍርድ ቤት የለ፣ ምንም በሌለበት። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የመንታዎቹ እናት ነው የሚለኝ፣ ፅዳቶቹ ሳይቀሩ።

ትንሿ የመጀመሪያ ሰሞን ሲፓፕ ላይ ነበረች፣ ሳንባዋ እንዳይከደን አየር በአፍንጫዋ የሚገፋላት ነገር ነው። ቢጫም ሆነው ሁለቱም መብራት ስር ገብተው ወጥተዋል፣ እሱ ብዙ አላስቸገረንም። ያስቸገረን መተንፈሱ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አእምሮው ገና ስላልበሰለ መተንፈስ ይረሳል፣ አፕኒያ ይሉታል፣ 20 ሰከንድ ካለፈ አደጋ ነው። አንድ ሌሊት ማሽኑ ጮኸ፣ ትንሿ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እኔ እግሬ ከዳኝ። ሲስተር ከወዲያኛው አልጋ መጣችና እንደኔ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም፣ የትንሿን ውስጥ እግር በጣቷ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረገችና "አንቺ ልጅ፣ ተንፍሺ እንጂ፣ እናትሽን አታስደንግጪ" አለቻት። ወዲያው ደረቷ ተነሳ። ከዛ ወደኔ ዞራ "አሁን አንቺ ታሳዪኛለሽ" ብላ ውስጥ እግሯን እንዴት እንደምነካ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ እሷን መጥራት እንዳለብኝ እዛው አስተማረችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ውጪ ይለኝ ነበር።

አመጋገቡም እንደዛው ነው። ከ34 ሳምንት በታች ያለ ልጅ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ባንዴ ማስኬድ አይሆንለትም፣ ስለዚህ በቀጭን ቲዩብ ነው ወተት ወደ ሆዱ የሚወርድለት። የሲሪንጁን መግፊያ አውጥታ ቀፎውን ብቻ ቲዩቡ ላይ ሰክታ፣ ወተቱን ሞልታ፣ "ከፍ አድርገሽ ያዢ፣ አትግፊው፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ከቸኮልሽ ያስመልሰዋል" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከሲሪንጁ ቁጥር ላይ ወተቱ አንዷን መስመር ለመልቀቅ የሚፈጀውን ጊዜ አትጠይቁኝ፣ ክንዴ እየዛለ እሱን እያየሁ ነው እናት መሆን የጀመርኩት። ሲጠነክሩ ወደ ትንሽ ኩባያ ተሻገርን፣ ከዛ ጡጦ።

ስለ ወተት ካነሳሁ፣ ያልወለደች ሴትም ህፃኑን ደጋግማ ካስጠባችና ካለበች ወተት ሊመጣላት ይችላል፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሲስተር ናት የነገረችኝ። ሞከርኩት፣ የመጣልኝ ጠብታ ነው፣ መንታ አያጠግብም፣ እሷ ግን ጠብታዋንም በሲሪንጅ ለቅማ ለትንሿ ሰጥታልኛለች። ቀሪው ፎርሙላ ነው፣ ዋጋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ፋርማሲ ያለጊዜያቸው ለተወለዱት የሚሆነውን ብዬ ጠይቄ የመደበኛውን ልጅ ቆርቆሮ ሰጥቶኝ ሲስተር ፅሁፉን አንብባ "መልሺው" አለችኝ። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ ወይ አስነብቡ። ሌላው ደግሞ እንዲበረክት ብላችሁ ውሃ አታብዙበት፣ በዚህ ነገር ሲስተር ቀልድ አታውቅም፣ ማንኪያው ሞልቶ አናቱ ተስተካክሎ፣ ውሃው ፈልቶ፣ ቆርቆሮው ላይ የተፃፈው ልክ ብቻ።

አሁን ወደ ካንጋሮ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ልጆቹ ትንሽ ሲረጋጉ ደረት ላይ ማቀፍ ተጀመረ። የተጀመረው በ1978 በፈረንጆቹ ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ነው፣ ኢንኩቤተር የሚባለው የህፃናት ማሞቂያ ሳጥን አልበቃ ብሏቸው፣ አሁን ግን የድሃ አገር ማብቃቂያ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2022 ከተወለዱ ጀምሮ ቶሎ ይደረግላቸው ብሏል። ልጁ ቀጥ ብሎ በሁለት ጡት መሀል ይቀመጣል፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋል፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት ይሆናል፣ ከዛ በነጠላ እስከ ጆሮው ስር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ለአንድ ሰአት ብቻ አይደለም፣ ቀንና ሌሊት፣ እየበላሽም እየተኛሽም።

ሁለት ልጅ ለአንድ ደረት ስለሚበዛ ሲስተር ባለቤቴን ጠራችው። ባለቤቴ የገጠር ሰው ነው፣ ቁም ነገረኛ፣ ሰው ፊት ሸሚዙን አውልቆ አያውቅም። "ጋሼ፣ ሸሚዝ" አለችው። "እኔ?" አለ። "ታዲያ ማን፣ ጎረቤት ልጥራ?" ትልቁን ደረቱ ላይ አስራለት ጋቢውን ደረበችለት፣ ሰውዬው ለግማሽ ሰአት ሳይንቀሳቀስ ሳያስል ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። በሳምንቱ ግን አልሰጥም ማለት ጀመረ፣ ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ራሱ ጋቢውን ገለጥ እያደረገ ያሳያቸው ነበር፣ አሁንም ትልቁ ካለቀሰ እኔ ጋ አይመጣም። ወንዶች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ የእናት ደረት ብቻ ነው የሚሰራው የሚባል ነገር የለም።

ዘመድ ደግሞ አለ። አንዷ አክስታችን "የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ ስምንተኛው ላይ ከደረሱ ነው የሚያስፈራው" እያለች ቀን መቁጠር ጀመረች። ሲስተር "እትዬ፣ ስምንት ከሰባት ይበልጣል፣ ልጅ ሆድ ውስጥ የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባውም ለአእምሮውም ትርፍ ናት" ብላ በትህትና ዘጋቻት። ቅቤ ይዋጡ ያሉም ነበሩ፣ እሱን ግን በትህትና አልነበረም የመለሰችው። በነገራችን ላይ ልጆች ቤት ከገቡ በኋላም ቅቤ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ምናምን የሚል ሰው ይመጣል፣ በሩን ዝጉበት።

ስለ ጉዲፈቻው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ ልበል። "ተከልክሏል አይደል እንዴ" ትሉኛላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር በ2010 የተከለከለው ለውጭ ዜጋ መስጠት ነው፣ አገር ውስጥ ይቻላል። የክልላችን የቤተሰብ ህግ አዋጅ 79/1995 አለ፣ በሱ መሰረት ከልጁ ሞግዚት ጋር ውል ይደረጋል፣ እኛ ጋ ሞግዚት ሆነው የፈረሙት እማማ ናቸው፣ ከዛ ፍርድ ቤቱ ለልጁ ይጠቅማል ወይ ብሎ አይቶ ያፀድቀዋል። ካልፀደቀ በሽማግሌ ፊት የተፈራረማችሁት ወረቀት ጉዲፈቻ አይሆንም፣ ልጁ ውርስ ሲመጣ ሜዳ ላይ ይቀራል። እማማን ያስጨነቃቸው ልጆቹን በህግ የማጣት ነገር ነበር፣ ከትውልድ ቤተሰባቸው ጋር ያላቸው ዝምድና እንደማይቆረጥ ሲነገራቸው ነው ቀለል ያላቸው፣ አሁን ፋሲካን እኛ ጋ ነው የሚውሉት። ከሴቶችና ህፃናት ጉዳይ ጥናት ልታደርግ የመጣችው ባለሙያም በጣም ጥሩ ሰው ነበረች፣ ቤታችንን አየች፣ ጎረቤት ጠየቀች፣ ሆስፒታልም ሄዳ ሲስተርን አናገረች። ሲስተር ምን ብላት እንደሆነ ራሷ ባለሙያዋ ናት የነገረችኝ፣ "ልጆቹ በጠረን ያውቋቸዋል፣ እኔ ከዚህ በላይ ምን ልመስክር።"

ስንወጣም እንዲሁ ሂዱ አላለችንም። የአይረንና የቫይታሚን ዲ ጠብታ በምን ሰአት፣ አይናቸው መታየት እንዳለበት (ከ1500 ግራም በታች ለተወለደ ልጅ ይሄ እንዳይዘለል፣ ሬቲናቸው ሊጎዳ ይችላል)፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ ፅፋ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው አለችኝ። እድገታቸውን ስትገምቺ መወለድ ከነበረባቸው ቀን ቁጠሪ፣ ክትባት ግን ከተወለዱበት ቀን ነው አለችኝ። ይሄ ባይነገረኝ የጎረቤት ልጅ ተቀመጠ የኔዎቹ አልተቀመጡም እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የምከርመው። ዛሬ ትንሿ ትልቁን ፀጉሩን ይዛ ትጎትተዋለች፣ 1180 ግራም የነበረችው እሷ ናት እንግዲህ።

ገንዘብ አትቀበልም፣ አትሞክሩት፣ ባለቤቴ ፖስታ ይዞ ሄዶ ተቆጥታው ተመልሷል። እማማ የቋጠሩላትን ቆሎ ብቻ ነው የተቀበለችው። እኔ በምን ልመልስልሽ ስላት ግን ያለችው ነገር አለ እና ለናንተም ላድርሰው፣ ክፍሉ የትንንሽ ኮፍያና ካልሲ እጥረት አለበት። ሹራብ መስራት የምትችሉ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳዘናችሁ፣ እየሰራችሁ ውሰዱላቸው፣ ብቻ ሱቅ የሚሸጠው የአራስ ልጅ ልክ አይሆናቸውም፣ ፊታቸውን ሸፍኖ አገጫቸው ላይ ነው የሚደርሰው። ጭንቅላታቸው ከብርቱካን ብዙም አይበልጥም፣ በሱ ልክ ስሩት። ለስላሳ ክር ይሁን፣ ቁልፍና ሪባን አትስፉበት፣ ታጥቦ ደርቆ በንፁህ ፌስታል ታስሮ ለካንጋሮ ክፍሉ ተረኛ ሲስተር ይሰጥ። እኔ በየሳምንቱ አርብ እሄዳለሁ፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ልታደርሱልኝ ትችላላችሁ።