የአባቴ መኪና ኩሽኔታ እና የወኪሉ መለዋወጫ ክፍል

በዘንድሮው የገናና የጥምቀት ሰሞን አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ብዙዎቹን ከጠበቅሁት በላይ ተሻሽለው አግኝቻቸዋለሁ። ክፍያ በቴሌብር በቅጽበት ይጠናቀቃል፣ ታክሲ በስልክ ተጠርቶ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ የሰፈር ሱቅ ሳይቀር በቴሌግራም ትእዛዝ ይቀበላል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ያሳዘነኝ አንድ አገልግሎት ነው፤ እሱም ለአባቴ መኪና መለዋወጫ ለማዘዝ ወደ አንድ ትልቅ የመኪና አስመጪና ወኪል ድርጅት ሄጄ ያየሁት መጉላላት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ከሌሎች ወኪሎች መኪና የገዙ ዘመዶቼም ተመሳሳይ ነገር ስለነገሩኝ ችግሩን የአንድ ቤት አድርጌ ማቅረብ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። መኪናውን ከዚሁ ወኪል በአዲስነቱ የገዛው በሥራ ላይ ሳለ ባጠራቀመው ገንዘብ ሲሆን፣ የዋስትናው ጊዜ እስኪያበቃ ድረስም ሰርቪሱን እዚያው ሲያስደርግ ኖሯል። ዛሬ መኪናው የሚያገለግለው ለሐኪም ቀጠሮና ለቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ከመድረሴ በፊት ፍጥነት ሲጨምር ከፊት በኩል የሚሰማ የጉርምርምታ ድምፅ ጀምሮት ስለነበር በመጣሁ በማግስቱ ወደ ሰፈራችን ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ የፊተኛውን ግራ ጎማ በአንድ እጁ እያሽከረከረ ሌላውን እጁን ሞላው ላይ አሳረፈ፤ ቀጥሎም የእኔን እጅ ወስዶ እዚያው ላይ አስቀመጠልኝ። ጎማው በዞረ ቁጥር ውስጥ ለውስጥ አሸዋ እንደሚፈጭ ያለ ንዝረት በመዳፌ ይሰማኝ ነበር። «ኩሽኔታው አልቋል እህቴ፤ ጋሼን በዚህ መኪና ከከተማ እንዳታወጪያቸው» አለኝ። ኩሽኔታ ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያስችለው ዕቃ ነው።

ወደ ወኪሉ እንድንሄድ የመከረንም እሱ ራሱ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ የዚህ መኪና ኩሽኔታ በአንድ በኩል ማግኔት ያለበት ቀለበት አለው፤ የኤቢኤስ ሴንሰሩ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ከዚያ ቀለበት ነው። መጠኑ ልክ ሆኖ ቀለበቱ የሌለው ኩሽኔታ ቢገጠም መኪናው ይሄዳል፣ ነገር ግን የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝም ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት አይሠራም። ዕቃው የሚገባው በፕሬስ ተጨምቆ ስለሆነ አንዴ ከተገጠመ በኋላ አውጥቶ መመለስ አይቻልም። ገበያ ላይ ኮፒው ስለበዛ ከወኪሉ መግዛት ይሻላል የሚለው ምክር ተገቢ ነበር፤ ሰው ለወኪል ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለውም ይህን እርግጠኝነት ለማግኘት ነው።

የሊብሬውን ቅጂ ይዘን ከአባቴ ጋር ወደ መለዋወጫ ሽያጭ ክፍሉ የሄድነው በጠዋት ነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበረች፤ የሻንሲ ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብታ ዕቃው በመጋዘን እንደሌለና በትእዛዝ እንደሚመጣ ነገረችኝ። መቼ እንደሚደርስ ስጠይቃት ማወቅ እንደማይቻል፣ በአየር ነው ወይስ በመርከብ የሚመጣው ስላት ደግሞ ያንን የሚያውቀው የግዢ ክፍሉ እንደሆነ መለሰችልኝ። የግዢ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ደንበኛ ወደዚያ አይወጣም። የታተመልኝ ፕሮፎርማ ላይ «የማስረከቢያ ጊዜ» የሚል መስመር አለ፤ ከፊቱ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነበር። እንዲሞላልኝ ብጠይቅም ለማንም እንደማይሞላ ተነገረኝ። የዕቃውን መለያ ቁጥር እንዲጽፉልኝ ለመንኩ፤ እሱም ለደንበኛ አይሰጥም ተባለ። ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ሌላ ቤት እንዳይሄድ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከፋዩ የሚከፍልበትን ዕቃ በቁጥሩ ለይቶ እንዳያውቅ ማድረግ በኋላ ምን እንዳስከተለ ከታች እገልጻለሁ። ከዚያም ዋጋውን ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር ሙሉ በሙሉ አስቀድሜ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የስልክ ሳምንታት ናቸው። ሲመጣ እንደውላለን ቢሉም የደወለልን ሰው አልነበረም። እኔ ስደውል ስልኩ ለረጅም ጊዜ ይጠራል፣ ሲነሳም ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል፣ እዚያም ከመጀመሪያው ጀምሬ ጉዳዩን እንዳስረዳ እጠየቃለሁ። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ ሌላ ቀን ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ነገ ይደውሉ። ትእዛዙ ወደ ውጭ ተልኳል ወይስ ገና አልተላከም የሚለውን ቀላል ጥያቄ እንኳን የሚመልስልኝ ሰው ሳላገኝ ጥምቀት አለፈ። አባቴ ያለውን የሐኪም ቀጠሮ በኮንትራት ታክሲ እየሄደ ጨረሰ፤ ሰው ማስቸገር ስለማይወድም አንዱን ቀጠሮ ሳይነግረኝ ለማሳለፍ ሞክሮ ነበር።

የአገሪቱን ሁኔታ አላውቅም ተብዬ እንዳልታማ ስለ መዘግየቱ የማምንበትን ልናገር። አስመጪዎች ለዓመታት ኤልሲ (በባንክ በኩል ለውጭ ሻጭ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ሲጠብቁ እንደኖሩ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ የትናንቱ ፕሮፎርማ ዛሬ ላይ የማይሠራ ቢሆን አይገርመኝም። በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ጅቡቲ ወርዶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ጉምሩክን አልፎ እስኪገባ ጊዜ እንደሚወስድ ማንም ይረዳል። በእነዚህ ምክንያቶች ዕቃው ቢዘገይ ወኪሉን አልወቅስም። የምወቅሰው የሚያውቀውን ነገር ስላልነገረኝ ነው። ትእዛዙ የተላከበት ቀን፣ የመጓጓዣው ዓይነትና አሁን የደረሰበት ቦታ በአንድ ሠራተኛ ፋይል ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ያንን ለከፈለ ሰው በአጭር መልእክት ለማሳወቅ ዶላር አያስፈልግም። ብዙ አምራቾች ለአካባቢያችን መለዋወጫ የሚያከፋፍሉበት መጋዘን ዱባይ ጀበል አሊ እንዳላቸውና ዱባይ ከቦሌ የአራት ሰዓት ያህል በረራ እንደሆነች ለሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ «ማወቅ አይቻልም» የሚለው መልስ ይበልጥ ያማል።

እኔ በምኖርበት ከተማም ከወኪል መለዋወጫ አዝዣለሁ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ስሰጥ የዕቃው ቁጥር፣ ዋጋውና የሚደርስበት ቀን በወረቀት ይሰጠኛል፣ ቀኑ ከተለወጠም እነሱ ይደውላሉ። ከዚህ በላይ የማነጻጽረው ነገር የለኝም፤ አቅሙ የተለያየ አገርን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም።

ዕቃው በመጨረሻ መጣ። ይህንንም ያወቅሁት ራሴ ደውዬ ነው፤ ሲያዩት ለካ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሰንብቷል። ስረከብ ሣጥኑን እዚያው ከፍቼ ልየው ብል ማሸጊያው ከተቀደደ ዕቃው መመለስ እንደማይችል ተነገረኝ። ጋራዥ ስንደርስ መካኒኩ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አንስቶ ወደ ኩሽኔታው በአንዱ ጎን፣ ከዚያም በሌላው ጎን አስጠጋት። በሁለቱም በኩል አልተያዘችም። የመጣው ማግኔት የሌለው፣ ለቀድሞው ሞዴል የተሠራው ኩሽኔታ ነበር። የዕቃው ቁጥር ፕሮፎርማው ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ መካኒኩ ገና ሳይታዘዝ በስልኩ አጣርቶ ስህተቱን ሊያርም ይችል ነበር።

ወኪሉ ዘንድ ስመለስ መጀመሪያ የተባልኩት መካኒክዎ ተሳስቶ ይሆናል የሚል ነው። ቀጥሎም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ታየኝ። ኃላፊው እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም ትእዛዙ የተሞላው በቀድሞው ሞዴል መሆኑን አይቶ ስህተቱ የእነሱ እንደሆነ አመነ። የይቅርታ ቃል ግን አልሰማሁም። የቀረበልኝ አማራጭ በአዲስ ዋጋ እንደገና ማዘዝ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ይህ ማኅተም በአገራችን ብዙ ሱቅ ውስጥ ስላለ ሰው እንደ ሕግ ይቆጥረዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲያጋጥመውም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን ለኃላፊው ስጠቅስለት የማመልከቻው ወረቀት ቶሎ ተገኘ።

ኩሽኔታውን ያገኘነው የመኪና መለዋወጫ ሱቆች በሚበዙበት ሶማሌ ተራ ነው። መካኒኩ ለሚያውቀው አንድ ትንሽ ሱቅ የሻንሲ ቁጥሩን በቴሌግራም ላክን፤ ባለ ሱቁ የዕቃውን ቁጥር ከካታሎግ አውጥቶ ያለውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ከነዋጋው ላከልን። አንደኛው የመኪናው አምራች ሣጥን ያለው፣ ሌላው ኮዮ የተባለው የጃፓን ኩሽኔታ፣ ሦስተኛው የቻይና ነበር። የቻይናውን ለዚህ መኪና አልመክርም ብሎ በድምፅ መልእክት ራሱ ነገረን። ሱቁ ስንደርስ መካኒኩ በሽቦዋ እንዲሞክረው ሣጥኑን ከፍቶ ሰጠው፤ ሽቦዋ በጠቆረው ጎን ላይ ተጣበቀች። ደረሰኝ ስጠይቅም ሳያንገራግር ቆረጠልኝ። መኪናው በዚያው ቀን ተሠርቶ ድምፁ ጠፋ፣ የኤቢኤስ መብራቱም አልበራም። ይህን ስል ወኪል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሶማሌ ተራ ሰው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ብቻውን ገብቶ ትክክለኛውን ከኮፒው ለይቶ ይወጣል ብዬ አላምንም፣ ያገኘነውን ዓይነት ቅን ነጋዴ ሁሉም ሰው ያገኛል ለማለትም አልደፍርም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያሉት መኪናዎች ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ በጥገና መኖራቸው የግድ ነው። አዲስ መኪና የማይሸጥለት ወኪል ለቀድሞ ደንበኞቹ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ነገር መለዋወጫ ነው፤ ስለዚህ የመለዋወጫ ክፍሉን እንደ ዳር ሥራ ማየት ራሱንም ይጎዳዋል። ከእነሱ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የዕቃው ቁጥር ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ፣ ግምታዊ የመድረሻ ጊዜ ይሞላ፣ ትእዛዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ለደንበኛው አጭር መልእክት ይላክ፣ ሣጥኑም በደንበኛውና በሠራተኛው ፊት ተከፍቶ ይታይ። መስኮት ላይ ለተቀመጠችው ወጣትም የግዢ ክፍሉን መረጃ የምታይበት መንገድ ይሰጣት፤ የማታውቀውን ነገር በየቀኑ ለተናደደ ሰው እንድትመልስ ማድረግ እሷንም መበደል ነው።

ገንዘቡ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተመለሰም። ተመላሹ በቼክ የሚሰጠው ደረሰኙ ላይ ስሙ ላለ ሰው ብቻ እንደሆነ የተነገረኝ የመመለሻ በረራዬ ሲቃረብ ስለነበር፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼ መጣሁ። እሱም ከሥራ እየተፈቀደለት ይመላለሳል። በዕረፍት ሄዳችሁ ለወላጆቻችሁ መኪና ከወኪል ዕቃ የምታዙ ሁሉ ደረሰኙን ከመጀመሪያው እዚያ በሚቀረው ሰው ስም አስቆርጡ፤ ፕሮፎርማውንም ከመክፈላችሁ በፊት ለመካኒካችሁ አሳዩት።