የፒካፕ ካሶኒ ሬል፦ ፋብሪካ የሰራው ይሻላል ወይስ ገዝተን የምናስገጥመው?

ፒካፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፣ ስለ ነዳጁ ይጠይቃል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ካሶኒው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ እዚ ቨርጂኒያ ቀን ቀን ቀለም እቀባለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቤት ለሚቀይር ሰው እቃ አመላልሳለሁ። በሶስት ፒካፕ ሰርቻለሁ፣ የቶዮታ ታኮማ፣ የኒሳን ፍሮንቲየር፣ አሁን ደግሞ የፎርድ ኤፍ-150፣ ስለዚ ከዚ በታች የምለው አብዛኛው ጭኜ ያየሁት ነው።

ሬል የምንለው በካሶኒው ግድግዳ ላይ የተዘረጋ መሀሉ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ሀዲድ ነው፣ ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ማሰሪያ አለ፣ እዚ ክሊት ይሉታል። ሀገር ቤት አይሱዙ ላይ ረዳቱ ወጥቶ ገመዱን በጎን ባሉት መንጠቆዎች እያዞረ ሸራውን ሲወጥር አይታችኋል አይደል፣ ሀሳቡ ያው ነው፣ እዚ ግን መንጠቆው ራሱ እቃው ወዳለበት ይመጣል።

ታኮማ ከ2005 ጀምሮ ይሄ ሬል አለው፣ ግራና ቀኝ እና ከፊት በኩል፣ ከአራት ክሊት ጋር። ካሶኒው ራሱ ብረት ሳይሆን ኮምፖዚት (በፋይበር የጠነከረ ፕላስቲክ) ነው፣ አይዝግም፣ ግን ጎኑ ከኋላ በር አካባቢ ትንሽ ይላወሳል፣ በተለይ ከኋላ ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ጥፍር አድርጋችሁ ካሰራችሁ። ለዚ ነው ብዙ የታኮማ ባለቤቶች ከኋላ ጥጉ ላይ ማጠናከሪያ ብረት የሚያስገጥሙት። ለዚ መኪና ሬል ተብሎ የሚሸጠው እቃ ብዛቱ ጉድ ነው፣ የሳይክል ሹካ መያዣው፣ የውሃ ጀሪካን ማሰሪያው፣ የመሳሪያ ሳጥኑ፣ ምኑ ቅጡ፣ ካምፕ መውጣት ለሚወድ ሰው ታኮማን የሚያህል የለም።

የፍሮንቲየሩ ዩቲሊ-ትራክ ይባላል፣ እሱም በ2005 ከመጣው ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ግን ሁሉም ላይ የለም፣ ርካሹ ሞዴል ላይ አትጠብቁ። ክሊቱን አላልቶ፣ ገፍቶ፣ የፈለጉት ቦታ ላይ መልሶ ማጥበቅ ነው። በእጅ ስትይዙት የኒሳኑ ክሊት ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ እኔን የማረከኝ ግን እሱ ሳይሆን በዛኛው ትውልድ ላይ ወለሉም ሁለት ሬል ያለው መሆኑ ነው። የወለል ሬል ለምን እንደሚበልጥ ላስረዳ፣ እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

የጎን ሬል የሚቀመጠው ከፍ ብሎ ነው። ከግድግዳው ብዙ የማይረዝም እቃ፣ ለምሳሌ ትልቅ የመሳሪያ ሳጥን፣ ከጎን ሬል ወደ ጎን ሬል ስታስሩት ስትራፑ (የማሰሪያ ቀበቶው) ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ስለዚ እቃውን ወደ ጎን ያቅፈዋል እንጂ ወደ ታች አይጫነውም፣ ፍሬን ስትይዙ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው። ከታች ካለ ቀለበት ወይ ከወለል ሬል ተነስቶ በላዩ ዞሮ የወረደ ስትራፕ ግን ወለሉ ላይ ይለጥፈዋል። የአሜሪካ ፌደራል ህግ ለንግድ መኪና ያወጣው ልክ አለ፣ ማሰሪያው ወደ ፊት የእቃውን ክብደት 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 0.5 ያህል ግፊት መቻል አለበት። 300 ፓውንድ ፍሪጅ ከጫናችሁ ፍሬን ስትረግጡ 240 ፓውንድ ወደ ፊት ይገፋል ብላችሁ አስቡ፣ የግል መኪናም ብትሆን ፍሪጁ ታርጋ አያይም።

ሞተር ሳይክልም እንደዛው፣ የፊቱን ሱስፔንሽን ትንሽ ጨቁኖ ወደ ፊትና ወደ ታች የሚጎትት ማሰሪያ ይፈልጋል፣ ስለዚ የፊት ጥጎች ላይ ታች ያሉትን ቋሚ ቀለበቶች ተጠቀሙ፣ የጎን ሬሉን ለቀላል ነገር ተዉት።

አሁን የያዝኩት ኤፍ-150 ደግሞ ሬል የለውም። ፎርድ በ2015 ያመጣው ቦክስሊንክ የሚባል ነው፣ ግድግዳው ላይ አራት ሳህን የሚመስሉ ብረቶች አሉ፣ እነሱ ላይ በቁልፍ የሚቆለፍ ክሊት ይገባል። አይንሸራተትም፣ ባለበት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ አናዶኝ ነበር። ግን ለኔ ስራ፣ ቀን በቀን ያው መሰላል፣ ያው የቀለም ባልዲ፣ ቦታው ባይቀያየር ምን ገደደኝ፣ ደግሞ ክሊቱን ማንም መንገደኛ ነቅሎ አይሄድም። እቃው በየሳምንቱ ለሚለያይበት ሰው ግን አራት ቦታ ያንሰዋል። ትንሹ ፎርድ ማቭሪክ ሌላ ዘዴ አለው፣ ካሶኒው ጎን ላይ የተሰራው ቦታ ውስጥ ተራ ባለ 2 በ4 እንጨት ሰክታችሁ ክፍል ትሰራላችሁ፣ እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳይ ኪውአር ኮድ ሳይቀር ካሶኒው ላይ አለ፣ እንጨት ቤት ሄዶ በጥቂት ብር መገላገል ለሚወድ እንደኔ አይነቱ ደስ ይላል። የሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ከ2019 ወዲህ 12 ቋሚ ቀለበት ይዞ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱ 500 ፓውንድ ይችላል ይላሉ፣ ከባድ እቃ ብቻ ለሚጭን ሬል የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ራም የሚባለው ፒካፕ ላይ ያለው ራምቦክስ ደግሞ ጎኑ ላይ የሚቆለፍ ሳጥን ይሰጣል፣ ለመሳሪያ ግሩም ነው፣ ግን ከካሶኒው ስፋት ይበላል።

ገዝተን የምናስገጥመውስ? የመጀመሪያ ፒካፔ ታኮማ ሳለ ከሬሉ በላይ መሰላል መያዣ አማረኝና ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ሬል አዘዝኩ፣ ከሳጥኑ የወጣው ለላሜራ የሚሆን አጭር ብሎን ብቻ ነው፣ ዳዶ የለ ምን የለ። እኔም ሞኙ በትራፓኖ በስቼ ገጠምኩት። ሁለት ወር ሰራ። አንድ ቀን አውራ ጎዳና 66 ላይ የፊቴ መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬን ስይዝ የፊተኛው ብሎን ተነቅሎ መሰላሉ ወደ ጎን ዞረ፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን እስኪጠግብ ነፋብኝ፣ እውነቱን ነው። ሬሉ አልተጣመመም እኮ፣ ሬሉ ደህና ነበር፣ የያዘው ነገር ነው የለቀቀው። ስለዚ የምታስገጥሙ ከሆነ መጀመሪያ እዩ፣ ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከኋላ በሰፊ ብረትና በዳዶ ይታሰራል ወይስ ላሜራው ላይ ተነክሶ ነው የሚቀረው? ሆም ዲፖ ከሚባለው የግንባታ እቃ መደብር 10 ጫማ ሆኖ የሚመጣው የኤሌክትሪሺያኖች ቦይ ብረት (ስትራት የሚሉት፣ 1 ከ5/8 ኢንች) በትክክል ከታሰረ ስሙ ከተጋነነ ሬል ይበልጣል፣ መልኩ ግን አያምርም፣ ይከብዳልም። ኤፍ-150 ከ2015 ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ግን ተራ ብረት በቀጥታ አታስነኩት፣ እርጥበትና በብርዱ ወቅት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲጨመርበት የተነካካበት ቦታ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ መሀል ላይ ጎማ ወይ ፕላስቲክ አድርጉ።

ስትራፕ ስትገዙም ጽሁፉን አንብቡ። ባለ አንድ ኢንቹ ላይ በትልቁ 1,500 ፓውንድ ይላል፣ ያ የሚበጠስበት ነው፣ የሚሰራበት አንድ ሶስተኛው ነው፣ 500። ሬሉና ክሊቱም የራሳቸው ልክ አላቸው፣ መኪናው መጽሀፍ ውስጥ አለ፣ ከሁሉ ደካማው ነው የሚቆጠረው።

እንግዲህ ምረጡ ካላችሁኝ፣ ካምፕና ሳይክል ከሆነ ታኮማ፣ የተደባለቀ ጭነትና አነስ ያለ በጀት ከሆነ የወለል ሬል ያለው ያገለገለ ፍሮንቲየር፣ የየቀን ስራ ከሆነ ኤፍ-150 ወይ ሲልቨራዶ። ያገለገለ ስትገዙ ክሊቶቹን ቁጠሩ፣ አራት መሆን ያለበት ሁለት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ከወንበር ስርና ከዳሽቦርዱ ሳጥንም ፈልጉ፣ የፎርዱን ከሆነ ቁልፉንም ጠይቁ። የካሶኒ ክዳን ለመግዛት ካሰባችሁም ሬል ያለውና የሌለው ማያያዣው ይለያያል፣ ሳትጠይቁ እንዳታዙ። የአክስቴ ልጅ አምና ፍሮንቲየር ሲገዛ ሻጩ የወለል ሬል የለውም ብሎት ዋጋ አስቀንሶ ነው የወሰደው፣ ቤት ወስዶ ሲያጥበው ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ወፍራም ጎማ ቢገልጠው ሁለቱም ሬል ጭቃ ሞልቶባቸው ቁጭ ብለዋል።