ዘጠኝ ወር የተጠቀምኩባቸው የፋይበር ሞጁሎችና የሚያሳዩት የብርሃን ቁጥር

ሁለቱን ባለ 10 ጊጋቢት ሞጁሎች (የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርሃን፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ተሰኪ ዕቃዎች) የገዛሁት 6 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ሕንጻዎችን ለማገናኘት ነበር። በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚሠሩ፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሚያደርሱ የተለመዱ ሞጁሎች ናቸው። ስለ ፍጥነታቸው ብዙ የምለው የለኝም፤ ከተሰኩ ጀምሮ መስመሩ አልተቋረጠም። ያስቸገረኝም ያስተማረኝም በውስጣቸው ያለው የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስዊቹ (ሞጁሉ የሚሰካበት የኔትወርክ መሣሪያ) ተቀባዩ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል -40 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ አሃድ) ብሎ ሲያሳየኝ ሞጁሉ ተበላሽቶ የመጣ መሰለኝ። ለሻጩ የቁጣ ደብዳቤ እስከ መጀመር ደርሼ ነበር። ለካስ -40 ማለት 0.1 ማይክሮዋት፣ መለኪያው ሊመዘግበው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ነው፤ በአጭሩ ጨለማ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ፋይበሮች አዛብቼ ላኪን ከላኪ ጋር አገናኝቼ ኖሯል። ቦታቸውን ባለዋውጥ -6.1 አነበብኩ፤ ደብዳቤውንም ሰረዝኩት።

-6.1 ደግ ነው ክፉ? 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው፤ ቁጥሩ በ3 በወረደ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ማዶ ያለው ሞጁል -2.3 እንደሚልክ ይናገራል። ፋይበሩ በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል (በሁለት የዲቢኤም ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት የሚለካበት) ገደማ ስለሚያጠፋ 2.1 ቀነስኩ፤ ለኮኔክተሮች (ለፋይበሩ መሰኪያ ጫፎች) እና ለመጋጠሚያዎች ሌላ 1.5 ቀነስኩ፤ -5.9 ላይ ደረስኩ። ተቀባዩ እስከ -14.4 ድረስ እንዲሠራ ስለሚጠበቅ ከ8 ዴሲቤል በላይ ትርፍ አለኝ። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ተውሼ በዚያው ፋይበር ላይ ስሞክር ግን -7.4 አለኝ። ይህን አይቶ የሚደነግጥ ሰው መስፈርቱን ቢያይ ይረጋጋል፤ ለሞጁሉ መለኪያ የተፈቀደው ስሕተት እስከ 3 ዴሲቤል ወደላይም ወደታችም ነው። ከዚያ ወዲህ የነጥብ ቤት ክርክር ትቼ በየሰኞው ጠዋት ቁጥሩን መመዝገብ ጀመርኩ።

መዝገቡ በአምስተኛው ወር ውለታውን መለሰ። በእኔ በኩል የተቀባዩ ኃይል በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ-6.1 ወደ -9.4 ወረደ፤ ከእኔ ወደ ማዶ የሚሄደው ግን ንቅንቅ አላለም። የስዊቹ አረንጓዴ መብራት እንደወትሮው ይበራል፤ አንድም የስሕተት ቆጠራ የለም። ገመዱ ሁለት ፋይበሮች ስላሉት፣ አንዱ አቅጣጫ ብቻ ሲደክም ጥርጣሬዬ በዚያው ፋይበርና በጫፎቹ ላይ አረፈ። የማዶው ላኪ ግን አሁንም -2.3 ይላል፤ «እንግዲህ በዚያ በኩል ችግር የለም» ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አጠፋሁ። ያ ቁጥር የሚለካው በሞጁሉ ውስጥ፣ ከሌዘሩ አጠገብ ባለ ዳዮድ ነው፤ ከሞጁሉ አፍ ወዲያ ያለውን ቆሻሻ አያይም። የእኔን ጫፍ አጸዳሁ፤ ለውጥ የለም። ማዶ ሄጄ የላኪውን ኮኔክተር በማጽጃ ብዕር ሳጸዳው -6.2 ሆነ።

ቅሬታዬ በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። አምራቹ ሞጁሉ ውስጥ የጻፈው ዝቅተኛ ገደብ መስመሩ ሊሞት ሲል ብቻ የሚጮህ ነው፤ ግማሽ ብርሃኔ ሲጠፋ ዝም አለ። አሁን በክትትል ሶፍትዌሩ ላይ የራሴን ገደብ፣ ከተለመደው ንባብ 2 ዴሲቤል ዝቅ ሲል የሚያሳውቀኝን፣ አስገብቻለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለምን 40 ኪሎ ሜትር የሚያደርሱትን አንገዛም?» ብሎኝ ነበር። የእነዚያ ላኪ እስከ 4 ዲቢኤም ሊያወጣ ይችላል፤ ተቀባያቸው ግን ከ-1 በላይ አይወድም። በአጭር መስመር ላይ የብርሃን ማዳከሚያ ካልገባበት ብርቱ ብርሃን ራሱ ችግር ይሆናል።

ሞጁሉ ሌዘሩ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ፍሰትም ያሳያል፤ እሱም በሙቀት ወራት ከ34 ወደ 37 ሚሊአምፔር ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተመልሷል። በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሆኖ እየጨመረ ቢሄድ ኖሮ ሌዘሩ ማርጀቱን እጠረጥር ነበር። የዚህ ሰኞ ንባብ፦ ሙቀት 52 ዲግሪ፣ ኤሌክትሪክ 34 ሚሊአምፔር፣ ተቀባይ -6.3።