ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፡ ሶኬትና ማብሪያ ስለቀየረልን ልጅ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሶኬቱ እየሞቀ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ እዚሁ ሰፈር የሚሰራ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ሳላስፈቅደው ስሙን አልፅፍም፣ ግን ስራው ቆንጆ ነው።

መጀመሪያ እቃው ላይ ነው የተከራከረን። አስፋልት ዳር ካሉት ሱቆች ርካሽ ሶኬት ይዘን ነበር፣ ከጀርባው ቪት የለውም፣ ሽቦውን ቀዳዳው ውስጥ ትገፋዋለህ ሞላ ይይዘዋል። አገላብጦ አየውና መልሱት አለን። በሞላ የሚይዝ ሁሉ መጥፎ ነው አላለም፣ ደህና የተሰራም አለ፣ ግን የርካሹ ሞላ በሙቀት እየላላ ይሄዳል፣ ሲላላ ይበልጥ ይሞቃል፣ መጨረሻው ፕላስቲኩ መቅለጥ ነው። በቪት የሚታሰረውን ገዛን፣ ዋጋው ይወደዳል ግን ይገባዋል።

ስራ ሲጀምር ብሬከሩን አጠፋ፣ አጥፍቶም ደግሞ በቴስተር አየ (ስንቱ ነው ለምጄዋለሁ እያለ ከነኮረንቲው የሚነካካው!)። ሽታ የነበረውን ሶኬት ሲፈታው አንድ ቪት ስር ቀጭንና ወፍራም ሽቦ አንድ ላይ ታስረዋል፣ ወፍራሙ ጠብቆ ቀጭኑ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ጠቁሯል። ያንን ቆርጦ አዲስ አደረገው፣ ሽቦውን የላጠው ተርሚናሉ (ሽቦው የሚታሰርበት ቀዳዳ) ውስጥ የሚገባውን ያህል ብቻ ነው፣ ውጪ የሚታይ መዳብ የለም፣ ቪቱም ልባሱን ሳይሆን መዳቡን ነው የነከሰው። ካሰረ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አርጎ ይሞክራል፣ አንዱ ተነቅሎለት እንደገና አሰረው።

ማብሪያው ላይ ደግሞ የሚቋረጠው ኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ ማቀፊያ ላይ ፌዙ (ኮረንቲ ያለበት ሽቦ) አለ ማለት ነው፣ አምፖል ስትቀይር ሊይዝህ ይችላል። ፌዙን ወደ ማብሪያው አዞረው።

ምጣዱን ግን ተራው ሶኬት ላይ እንድንሰካ አልፈቀደም፣ እናቴ ጥቂት አኩርፋለች። የ16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው ጣሪያው፣ ምጣድ ደግሞ እዛው አካባቢ ይጎትታል፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ። ከማከፋፈያው ለብቻው ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል ብሎ ሂሳቡን ነገረን፣ ለደሞዝ አቆይተነዋል።

የማልወድለት ነገር ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ከሰዓት ነው የመጣው፣ የግድግዳውንም አቧራ ትቶልን ሄደ። ሂሳብ የሚጠይቀው በነጥብ ነው (እያንዳንዱን ሶኬትና ማብሪያ ቆጥሮ)፣ ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እቃውን ራሳችሁ ግዙ ግን ሳይከፈት አሳዩት።